ተዛማጅ ሪኮርዶችን ከዳታቤዝ መቼ እናምጣ? ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ኮድ የሚጽፉ ልጆች፣ በተለይ የፖሊ ካምፓስ ተማሪዎች፣ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ሞዴሎቼ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። አንዱን ሳመጣ ሌላውንም አብሬ ላምጣ ወይስ ሲያስፈልግ ይምጣ?» ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ላፕቶፕ ላይ ሲበር የነበረው ሲስተም ሰርቨር ላይ ሲወጣ ይንቀረፈፋል። ሰው ሁሉ ኔትወርኩ ላይ ያላክካል። ኩዌሪዎቹን (ኮዱ ወደ ዳታቤዝ የሚልካቸውን ጥያቄዎች) ከፍቶ ያየ ግን የለም።

መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ውሳኔው የሞዴሉ ሳይሆን የገጹ ነው። ያው አንድ ሞዴል አንደኛው ገጽ ላይ ከነተዛማጆቹ መምጣት አለበት፣ ሌላኛው ገጽ ላይ ብቻውን ይበቃል። ስለዚህ «ሌዚ ይሻላል ወይስ ኢገር?» ብላችሁ ለፕሮጀክቱ በሙሉ የሚሆን አንድ መልስ አትፈልጉ። ገጽ በገጽ ነው የሚወሰነው። እንዴት እንደሆነ ከታች አለ።

ስሞቹን ለማያውቅ፦ ሞዴል ማለት አንድን የዳታቤዝ ቴብል በኮድ ውስጥ የሚወክለው ክላስ ነው። ሌዚ ሎዲንግ ማለት ተዛማጁ ሪኮርድ ኮዱ በነካው ቅጽበት ብቻ ከዳታቤዝ ሲመጣ ነው። ኢገር ሎዲንግ ማለት ደግሞ ከዋናው ሪኮርድ ጋር አስቀድሞ ሲመጣ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ኦአርኤም (የዳታቤዝ ረድፎችን ለኮዱ እንደ ኦብጀክት የሚያቀርብ መሣሪያ) የሚጠቀም ፕሮጀክት። ጃንጎ፣ ላራቬል፣ ሃይበርኔት፣ ሬይልስ፣ ኤስኪውኤል አልኬሚ፣ የትኛውም ይሆናል።
• ኩዌሪዎችን የሚያሳይ መሣሪያ። ለጃንጎ ዲበግ ቱልባር፣ ለላራቬል ዲበግባር አለ። ሃይበርኔት ኩዌሪዎቹን ራሱ ሎግ ላይ እንዲያወጣ ይታዘዛል።
• በርከት ያለ የሙከራ ዳታ። አምስት ረድፍ ምንም አያሳይም። ቢያንስ ጥቂት መቶ ረድፍ የሚሞላ አጭር ስክሪፕት ጻፉ።
• ወረቀትና እስክሪብቶ።

የምንሠራበት ምሳሌ

ከጣና ዳር ወደ ገዳማቱ የሚሄዱ ጀልባዎችን የሚመዘግብ ሲስተም እንውሰድ። አምስት ቴብሎች አሉት፤ ጉዞ፣ ጀልባ፣ መድረሻ፣ ተሳፋሪ እና ክፍያ። እያንዳንዱ ጉዞ አንድ ጀልባና አንድ መድረሻ አለው። መድረሻው ደብረ ማርያም፣ ክብራን ገብርኤል፣ ዘጌ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ወይም ራቅ ያለው ደቅ ደሴት ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ጉዞ ብዙ ተሳፋሪዎችና ብዙ ክፍያዎች አሉት። መድረሻ ቴብል ውስጥ ስለ ገዳሙ የተጻፈ ረጅም መግለጫም አለ። ይቺን መግለጫ ልብ በሏት፣ ኋላ ላይ ትመጣለች።

ደረጃ 1፦ ገጹ የሚያሳየውን በወረቀት ጻፉ

ኮዱን ገና አትንኩ። ለእያንዳንዱ ገጽ ተጠቃሚው በዓይኑ የሚያየውን ብቻ ዘርዝሩ። ለምሳሌያችን እንዲህ ይሆናል።

«የዛሬ ጉዞዎች» የሚለው ገጽ፦ ሰዓት፣ የጀልባ ስም፣ የመድረሻ ስም፣ የተሳፋሪ ብዛት።
«የጉዞ ዝርዝር» የሚለው ገጽ፦ የአንድ ጉዞ ሙሉ መረጃ፣ የተሳፋሪዎች ስም፣ ክፍያዎች፣ የገዳሙ መግለጫ።
«የወር ሪፖርት» የሚለው ገጽ፦ በየጀልባው የገቢ ድምር።

ይህ ደረጃ ለምን አስፈለገ? ሞዴሉን ብቻ ካያችሁ ሁሉም ነገር የሚያስፈልግ ይመስላል። ወረቀቱን ስታዩ ግን የመጀመሪያው ገጽ አንድም የተሳፋሪ ስም እንደማያሳይ ትረዳላችሁ። የሚፈልገው ቁጥሩን ነው።

ደረጃ 2፦ ኩዌሪዎቹን ቁጠሩ

የኩዌሪ ማሳያውን አብሩና «የዛሬ ጉዞዎች»ን ክፈቱ። ምንም ካላስተካከላችሁ ሎጉ ይህን ይመስላል። በቀላሉ እንዲነበብ ኩዌሪዎቹን በአማርኛ ጽፌያቸዋለሁ።

የዛሬ ጉዞዎችን በሙሉ አምጣ
ቁጥሯ 4 የሆነችውን ጀልባ አምጣ
ቁጥሩ 2 የሆነውን መድረሻ አምጣ
የጉዞ ቁጥር 118 ተሳፋሪዎችን አምጣ
ቁጥሯ 7 የሆነችውን ጀልባ አምጣ
ቁጥሩ 2 የሆነውን መድረሻ አምጣ
የጉዞ ቁጥር 119 ተሳፋሪዎችን አምጣ

እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ምልክቱ ይሄው ነው፤ አንድ ዓይነት ኩዌሪ ይደጋገማል፣ የሚለወጠው መጨረሻው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። መድረሻ ቁጥር 2ን አያችሁት? ያው አንድ መድረሻ ሁለቴ መጥቷል። ይህ ችግር ኤን ፕላስ ዋን ይባላል። ለዋናው ዝርዝር አንድ ኩዌሪ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ረድፍ ሌላ ተጨማሪ።

ሒሳቡን እንሥራው። ጥምቀት ሰሞን ገጹ ላይ 50 ጉዞዎች ተዘረዘሩ እንበል። ለእያንዳንዱ ጉዞ ሦስት ተጨማሪ ኩዌሪ አለ። 50 በ3 ሲባዛ 150፣ ከዋናው ጋር 151 ኩዌሪ። ዳታቤዙ ላፕቶፓችሁ ላይ ሆኖ አንዱ ኩዌሪ 2 ሚሊሰከንድ ቢወስድ ድምሩ 0.3 ሰከንድ ገደማ ነው። ማንም ልብ አይለውም። ዳታቤዙ ሌላ ማሽን ላይ ሆኖ አንዱ ኩዌሪ ደርሶ ለመመለስ 30 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ግን ገጹ 4.5 ሰከንድ ይቆያል። ኮዱ ያው ነው፣ ዳታውም ያው ነው። የተለወጠው የመንገዱ ርቀት ብቻ ነው። ከዘጌ ሃምሳ ጆንያ ቡና ለማምጣት ሃምሳ ጊዜ በጀልባ እንደ መመላለስ ነው።

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ የማወራው በአፕሊኬሽኑና በዳታቤዙ መካከል ስላለው መንገድ ነው። የተጠቃሚው ኢንተርኔት ፈጣንም ሆነ ቀርፋፋ እነዚህን 4.5 ሰከንዶች አይቀንሳቸውም።

ሃይበርኔትና ኤስኪውኤል አልኬሚ የምትጠቀሙ ቁጥሩ ከ151 ሊያንስባችሁ ይችላል። በአንድ ሴሽን (ከዳታቤዙ ጋር በሚደረግ አንድ የሥራ ዙር) ውስጥ አንዴ ያመጡትን ጀልባ ስለሚያስታውሱ ደግመው አይጠይቁም። የተሳፋሪዎቹ ኩዌሪ ግን ለየጉዞው መምጣቱ አይቀርም።

ደረጃ 3፦ የግንኙነቱን አቅጣጫ ለዩ

በየገጹ ዝርዝር ላይ ከእያንዳንዱ ተዛማጅ ጎን «አንድ» ወይም «ብዙ» ብላችሁ ጻፉ። ከጉዞ ወደ ጀልባ «አንድ» ነው። ከጉዞ ወደ ተሳፋሪ «ብዙ» ነው። ደረጃ 5 ላይ የምትመርጡት ዘዴ በዚህች ምልክት ነው የሚወሰነው፤ አትዝለሏት።

ደረጃ 4፦ ለእያንዳንዱ ተዛማጅ ወስኑ

ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ጠይቁ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሥራውን እዚያው ይጨርሰዋል።

ሀ. የሚፈለገው ሪኮርዱ ነው ወይስ ቁጥር ብቻ? ብዛት፣ ድምር ወይም «አለ ወይስ የለም» ብቻ ከሆነ ሪኮርዶቹን ጭራሽ አታምጡ። ዳታቤዙ ራሱ ቆጥሮ ይስጣችሁ። ጃንጎ ላይ አኖቴት ከካውንት ጋር፣ ላራቬል ላይ ዊዝ ካውንት ይህን ይሠራሉ። የ50 ጉዞ ተሳፋሪዎችን በሙሉ ወደ ሜሞሪ ጎትቶ ከዚያ «ስንት ናችሁ?» ማለት ትልቅ ብክነት ነው። በማያቸው ፕሮጀክቶች ላይ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመውም ይሄ ነው። ኢገር ሎዲንግ የተማረ ልጅ ሁሉንም አብሮ ያመጣና «ኩዌሪዬ ቀነሰ» ብሎ ይደሰታል። ኩዌሪው በርግጥ ቀንሷል። ሜሞሪው ግን ማንም በማያየው ስም ተሞልቷል።

ለ. በዝርዝሩ ላይ በእያንዳንዱ ረድፍ ይታያል? አዎ ከሆነ አብራችሁ አምጡት። የጀልባ ስምና የመድረሻ ስም በየረድፉ ስለሚታዩ ከጉዞው ጋር ይምጡ። እዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም።

ሐ. የሚታየው አንዳንዴ ብቻ ነው? ለምሳሌ ተጠቃሚው አንድ ጉዞ ሲጫን፣ ወይም ጉዞው ሲሰረዝ ብቻ የሚወጣ የክፍያ ተመላሽ መረጃ ከሆነ፣ ሲፈለግ ይምጣ። ሌዚ ሎዲንግ የተሠራው ለዚህ ነው። አንድ ሪኮርድ ብቻ የሚያሳይ ገጽ ላይ ሌዚ ብትሆኑ የሚጨመረው ጥቂት ኩዌሪ ነው። ረድፎቹ ሲበዙ አብሮ አይበዛም። «የጉዞ ዝርዝር» ገጽ ላይ ጀልባ፣ መድረሻ፣ ተሳፋሪዎችና ክፍያዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ኩዌሪ ቢመጡ ድምሩ አምስት ነው። ለዚህ ብላችሁ አትጨነቁ።

ደረጃ 5፦ ማምጫ ዘዴውን ምረጡ

አብሮ ማምጣት ሁለት መንገድ አለው። ልዩነቱን ሳያውቁ መምረጥ ከኤን ፕላስ ዋን የባሰ ጣጣ ያመጣል።

የመጀመሪያው ጆይን ነው። ዳታቤዙ ሁለቱን ቴብሎች አገናኝቶ በአንድ ኩዌሪ ይመልሳል። ጃንጎ ላይ ሴሌክት ሬሌትድ፣ ኤስኪውኤል አልኬሚ ላይ ጆይንድ ሎድ፣ ሃይበርኔት ላይ ጆይን ፌች ይባላል። «አንድ» ብላችሁ ምልክት ላደረጋችሁባቸው ይህን ተጠቀሙ። ጉዞው አንድ ጀልባ ብቻ ስላለው ረድፍ አይባዛም።

ሁለተኛው የተለየ ኩዌሪ ነው። መጀመሪያ ጉዞዎቹ ይመጣሉ፤ ከዚያ የሁሉም ጉዞዎች ቁጥር ተሰብስቦ «የእነዚህን ጉዞዎች ተሳፋሪዎች በሙሉ አምጣ» ይባላል። ጉዞው 50ም ሆነ 100፣ ኩዌሪው ሁለት ነው። ጃንጎ ላይ ፕሪፌች ሬሌትድ፣ ኤስኪውኤል አልኬሚ ላይ ሴሌክት ኢን ሎድ፣ ሬይልስ ላይ ፕሪሎድ ይባላል። የላራቬል ዊዝ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። «ብዙ» ብላችሁ ምልክት ላደረጋችሁባቸው ይህን ተጠቀሙ።

«ብዙ» ላይ ጆይን ብንጠቀም ምን ይሆናል? አንድ ጉዞ 20 ተሳፋሪና 20 ክፍያ አለው እንበል። ሁለቱንም በጆይን አብራችሁ ስታመጡ ዳታቤዙ እያንዳንዱን ተሳፋሪ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ያጣምራል። 20 በ20፣ ለአንድ ጉዞ 400 ረድፍ። ለ30 ጉዞ 12,000 ረድፍ። በተለየ ኩዌሪ ብታመጡት ግን 30 ጉዞ፣ 600 ተሳፋሪና 600 ክፍያ፣ በድምሩ 1,230 ረድፍ ብቻ ነበር። መድረሻውንም በዚያው ጆይን ውስጥ ካስገባችሁት ያ ረጅም የገዳም መግለጫ በ12,000ው ረድፍ ላይ ሁሉ እየተገለበጠ በመንገዱ ላይ ይጫናል። የኩዌሪው ቁጥር አንድ ስለሆነ ብቻ ሎጉ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የሚመለሰውንም የረድፍ ብዛት ተመልከቱ።

መግለጫው ለዝርዝሩ ገጽ ስለማያስፈልግ የመድረሻውን ስም ብቻ ምረጡ። ጃንጎ ላይ ኦንሊ ወይም ዲፈር ይህን ያደርጋሉ። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፤ ያስቀራችሁትን ፊልድ ቴምፕሌቱ (የገጹን መልክ የያዘው ፋይል) ከነካው ለየረድፉ አዲስ ኩዌሪ ይነሳል፣ ወደ ጀመራችሁበትም ትመለሳላችሁ።

ደረጃ 6፦ ውሳኔውን ኩዌሪው ላይ ጻፉት

አብሮ ይምጣ የሚለውን ትእዛዝ የምትጽፉት ገጹን የሚያዘጋጀው ኮድ ውስጥ ነው። ሞዴሉ ላይ «ሁልጊዜ አብሮ ይምጣ» ብላችሁ ካሰራችሁት ጀልባውን የማይፈልገው ገጽ ሁሉ አብሮ ይሸከመዋል፤ ከዚያ ማስቀረትም አስቸጋሪ ነው።

ጃቫ የምትጽፉ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሃይበርኔት በሚከተለው የጃቫ ደንብ፣ በጄፒኤ፣ መሠረት «ብዙ ለአንድ» እና «አንድ ለአንድ» ግንኙነቶች ምንም ካልነገራችኋቸው ኢገር ናቸው። «አንድ ለብዙ» እና «ብዙ ለብዙ» ደግሞ ሌዚ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱንም ሞዴሉ ላይ ሌዚ አድርጓቸው። ከዚያ በሚያስፈልገው ቦታ በጆይን ፌች ወይም በኢንቲቲ ግራፍ አምጧቸው።

ጃንጎ ላይ ደግሞ ሴሌክት ሬሌትድን ባዶውን አትጥሩት። የምትፈልጉትን ግንኙነት ስም ጻፉለት። ባዶውን ስትጠሩት ባዶ መሆን የማይችሉትን ፎሬይን ኪዎች (ወደ ሌላ ቴብል የሚያመለክቱ ፊልዶች) በሙሉ ተከትሎ ያመጣል፣ ባዶ ሊሆኑ የሚችሉትን ይተዋል። ሁለቱም ከፈለጋችሁት ጋር ላይገጥም ይችላል።

ደረጃ 7፦ እንደገና ቁጠሩ፣ ከዚያ ዳታውን አብዙ

«የዛሬ ጉዞዎች» አሁን ጃንጎ ላይ አንድ ኩዌሪ መሆን አለበት፤ ጉዞ ከጀልባና ከመድረሻ ጋር በጆይን፣ የተሳፋሪው ብዛት እዚያው ተቆጥሮ። ላራቬል ላይ ሦስት ይሆናል፤ ለጉዞ፣ ለጀልባና ለመድረሻ አንድ አንድ። ሦስትም ሆነ አንድ ችግር የለውም።

ዋናው ፈተና ቀጥሎ ያለው ነው። ጉዞዎቹን ከ50 ወደ 100 አሳድጉና ገጹን ድጋሚ ክፈቱ። የኩዌሪው ቁጥር ካልተለወጠ ሥራው ተሳክቷል። ከጨመረ የሆነ ቦታ የተደበቀ ሌዚ ኩዌሪ አለ። ገጽ በገጽ እየከፋፈላችሁ የምታሳዩ ከሆነ በአንድ ገጽ የሚታየውን የረድፍ መጠን ጭምር ከፍ አድርጉ፤ አለበለዚያ ፈተናው አያሳያችሁም።

ደረጃ 8፦ ተመልሶ እንዳይበላሽ ቆልፉት

ዛሬ ያስተካከላችሁትን ገጽ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው የካፒቴኑን ስም ይጨምርበታል። ካፒቴን ደግሞ ሌላ ቴብል ነው። ኤን ፕላስ ዋኑ ድምፁን አጥፍቶ ይመለሳል። ስለዚህ ጃንጎ ላይ አሰርት ነም ኩዌሪስ በሚባለው የኩዌሪውን ቁጥር የሚፈትሽ ቴስት ጻፉ። ላራቬል ላይ ፕሪቬንት ሌዚ ሎዲንግን አብሩ፤ ሬይልስ ላይ ስትሪክት ሎዲንግ፣ ኤስኪውኤል አልኬሚ ላይ ሬይዝ ሎድ አለ። እነዚህ አብሮ ያልመጣ ተዛማጅ ሲነካ ኤረር ይወረውራሉ። የላራቬሉን የምታበሩት ስትሠሩና ስትፈትሹ ብቻ ይሁን። እውነተኛው ሰርቨር ላይ ለቱሪስቱ ዘግየት ያለ ገጽ ማሳየት ኤረር ከማሳየት ይሻላል።

ማስጠንቀቂያዎች

የገንዘብ ድምር። ይህን በደንብ አንብቡት። ጃንጎ ላይ የተሳፋሪ ብዛትና የክፍያ ድምርን በአንድ ኩዌሪ ውስጥ አብራችሁ ካሰላችሁ ደረጃ 5 ላይ ያየነው መባዛት ድምሩ ውስጥ ይገባል። 20 ተሳፋሪ እያንዳንዱ 300 ብር ቢከፍል ትክክለኛው ድምር 6,000 ብር ነው። ሪፖርቱ ግን እያንዳንዱን ክፍያ 20 ጊዜ ቆጥሮ 120,000 ብር ይላል። ኤረር የለም፣ ቀይ ጽሑፍ የለም። ዲስቲንክት (ተደጋጋሚውን አንዴ ብቻ ቁጠር የሚል ትእዛዝ) መጨመር ብዛቱን ያስተካክላል፤ ድምሩን ግን አያስተካክልም፣ ምክንያቱም እኩል የሆኑ 300 ብሮችን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ድምሩን በሰብኩዌሪ (በኩዌሪ ውስጥ ባለ ኩዌሪ) ወይም ለብቻው በሌላ ኩዌሪ አስሉት።

የተዘጋ ሴሽን። ሃይበርኔት ላይ ሴሽኑ ከተዘጋ በኋላ ሌዚ ግንኙነት ብትነኩ ሌዚ ኢኒሺያላይዜሽን ኤክሴፕሽን ይመጣል። መፍትሔው ሁሉንም ኢገር ማድረግ አይደለም። ያ ገጽ የሚፈልገውን ሴሽኑ ሳይዘጋ አምጡ። ስፕሪንግ ቡት ኦፕን ኢን ቪው የሚባለውን፣ ገጹ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሴሽኑን ክፍት የሚያቆይ ቅንብር ከመጀመሪያው አብርቶ ስለሚመጣ ኤክሴፕሽኑን ላታዩት ትችላላችሁ። ኩዌሪዎቹ ግን ከጀርባ ይፈሳሉ።

ገጽ መከፋፈልና ጆይን ፌች። ሃይበርኔት ላይ «ብዙ» የሆነ ግንኙነትን በጆይን ፌች እያመጣችሁ «የመጀመሪያዎቹን 20 ብቻ» ካላችሁ ሃይበርኔት በተለምዶ ሁሉንም ረድፍ ወደ ሜሞሪ አምጥቶ እዚያ ነው የሚቆርጠው። ሎጉ ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ አትለፉት። መጀመሪያ የ20ዎቹን ጉዞዎች ቁጥር አምጡ፣ ከዚያ በእነዚያ ቁጥሮች ተዛማጆቹን።

ጄሰን። አንድን ኦብጀክት እንዳለ ወደ ጄሰን (ዳታ በጽሑፍ የሚላክበት ፎርማት) የሚቀይር መሣሪያ የሚያገኘውን ግንኙነት ሁሉ ሊነካ ይችላል። ጉዞ ወደ ጀልባ፣ ጀልባ ወደ ጉዞዎቿ፣ እያለ ይዞራል። የሚላኩትን ፊልዶች በስም ዘርዝሩ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

አብሮ ካመጡ በኋላ ማጣራት። ጃንጎ ላይ ተሳፋሪዎቹን በፕሪፌች አምጥታችሁ ሉፕ ውስጥ በፊልተር «የከፈሉትን ብቻ» ካላችሁ የመጣው ዳታ ይተዋል፣ ለየጉዞው አዲስ ኩዌሪ ይነሳል። ማጣሪያውን ፕሪፌች ኦብጀክት ውስጥ አስገቡት፣ ወይም የመጣውን ዝርዝር በፓይተን ኮድ አጣሩ።

የላራቬል ቅንፍ። የግንኙነቱን ስም ከቅንፍ ጋር ጠርታችሁ ካውንት ካላችሁ ወደ ዳታቤዝ ይሄዳል። ያለ ቅንፍ ከሆነ አብሮ የመጣውን ይቆጥራል። ሁለት ምልክት ብቻ ናት፣ ስለዚህ ኮድ ስትገመግሙ እሷን ፈልጉ።

ስትሪንግ ሜተድ ውስጥ የተደበቀ ግንኙነት። ጃንጎ ላይ የጉዞ ሞዴል ራሱን በጽሑፍ ሲያሳይ «ጣና 3፣ ወደ ዘጌ» እንዲል የጀልባውንና የመድረሻውን ስም ይጠራል እንበል። ከዚያ አድሚኑ ላይ ተሳፋሪ ስትመዘግቡ የጉዞ መምረጫው ሲከፈት በውስጡ ላለው እያንዳንዱ ጉዞ ሁለት ኩዌሪ ይሄዳል። ቪው ውስጥ ሉፕ ስለማታዩ ምንጩን መፈለጉ ብዙ ያለፋችኋል። ደረጃ 7 ላይ ዳታውን አብዝታችሁ ቁጥሩ ከጨመረ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ሜተድ ይሁን፣ ቀጥሎ ቴምፕሌቱን፣ ከዚያ ሲሪያላይዘሩን (ወደ ጄሰን የሚቀይረውን ኮድ)።